የአባባ «ጉንፋን»

እማዬ፣ ከሰላምታ በፊት ኑዛዜ ይቅደም፤ ይህን ወረቀት ከአክስቴ ጠረጴዛ ላይ ያነሣሁት ሳላስፈቅድ ነው። ሁለት ቅጠል። ፈጣሪ ይቅር ይለኛል፣ አክስቴ ግን እንጃ።

እንግዲህ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ እህል እንኳ ቁጭ ብለሽ እንድትበይ ይፈቅዱልሻል? እኛም ደህና ነን እንዳልልሽ፣ ቤታችንን የፈጀው ይኸው «ደህና ነን» ነው።

አባባ የሚሠራበት የፍራሽ ፋብሪካ ባለፈው ወር መጋዘኑ ተቃጠለ። እሳቱ አባባን አልነካውም፤ ስፖንጁ ሲነድ የወጣውን ጥቁር ጭስ ግን ጠግቦ ነው የወጣው። ይኸው እስከ ዛሬ ያስለዋል፤ ደረጃ ሲወጣ ሦስቴ ያርፋል፤ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር።

ሰሞኑን በስንት ልመና ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ «እንዴት ነዎት አባት?» ብትለው «ተመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!» አላት። ደህና ሰው ሐኪም ቤት ምን ይሠራል? ስለ ሳሉ ስትጠይቀው «ብርድ መትቶኝ ነው» ብሎ አረፈው። እሷም ጉንፋን ብላ ጻፈች።

ሐኪም የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ የምትለውጠው እዚያው መዝገብ ክፍል ያለችው አክስቴ ናት። ጉንፋን የራሱ ኮድ አለው፤ በእሳት ጭስ የተጎዳ ሳንባም የራሱ። የጭሱ ኮድ ከሌለ ፋብሪካው ወደ ሳንባ ሐኪም አይልከውም፤ ሰኞ ወደዚያው አቧራ ይመልሰዋል። «ወንድምሽ አይደል? አንቺው ጻፊዋ» ብዬ ለመንኳት። «ሐኪም ያልጻፈውን አልኮድም፣ የእናቴ ልጅም ቢሆን! ለጉንፋን ኮድ አለኝ፤ ለግትርነት ግን የለኝም» ብላ ከመነጽሯ በላይ አፈጠጠችብኝ። ፋይሉ ዓርብ ይዘጋል።

ደክሞኛል እማዬ። ለአባት እናት መሆን በአሥራ አምስት ዓመት ይጀመራል እንዴ? በስልክ እንዳልነግርሽ ስልኩን ትራሱ ሥር ነው የሚሸጉጠው። ስለዚህ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ በሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር ልኬልሻለሁ፤ ነገ ይደርስሻል። እንዳነበብሽ ደውዪና ተቆጪው፤ ተመልሶ ለሐኪሟ እውነቱን ይንገራት። ከአንቺ በቀር የሚፈራው የለም።

ታናሼ የፊት ጥርሱ ወልቆ በፉጨት ሰላም ይልሻል። አክስቴም ብታውቅ ሰላም ትልሽ ነበር። አባባም...

ውይ፣ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ! ድሮ ከመንገዱ ማዶ ባወጣልኝ የቁልምጫ ስም በአንድ ትንፋሽ «ቃሪያ!» ብሎ ሲጠራኝ ሰፈሩን የሚያናጋው ሰው፣ አሁን «ቃ...» አለና ሳለ፣ ግድግዳውን ይዞ ሳለ፣ ከዚያ «...ሪያ» አለኝ።

ከቤታችን፣ ማክሰኞ ጥር 14 ቀን