የናዲርና የዛኪር እናት

ረቡዕ

አርታኢዋ መጨረሻውን አልወደደችውም። ደውላ በትህትና ነው የነገረችኝ፤ ትህትናዋ ይበልጥ አናደደኝ። «ሰሚራ፣ ልጆች ይሄን አያምኑሽም» አለች። «መጽሐፉን ሙሉ ሲጣሉ የከረሙ ወንድማማቾች እህታቸው ደወል ስለመታች ብቻ ባንዴ ይረሱታል? ይታረቁ፤ ግን እንዴት እንደታረቁ አሳዪኝ።»

እንዴት እንደሚታረቁ ባውቅ ኖሮ እኮ መጀመሪያ የራሴን ወንድሞች አስታርቅ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ናዲር ነፋስ ይጠራል። ታናሹ ዛኪር ዝናብ ይጠራል። ተጣሉ። አንዱ ደመና ሲሰበስብ ሌላው ይበትናል፤ አገሩ ደረቀ። ትንሽ እህታቸው ሉባባ አስማት የሚባል ነገር የላትም፤ መሀል ቆማ ታለቅሳለች።

የኛ ቤት ያለ አስማት ነው የደረቀው። አባባ ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ጀማል ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሄዶ ነበር። ትልቁ፣ ሙኒር፣ ሳይጠብቀው ቀበረ። በኛ ደንብ ሬሳ አያድርም፤ ጀማልም ይሄን ያውቃል። ቢሆንም «አባቴን እንዳልቀብር አደረግከኝ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነጋገሩም። አንዋር መስጊድ አጠገብ ያለው የጨርቅ ሱቃችን መሀሉ በችፑድ ተከፍሏል። ወዲህ ሙኒር፣ ወዲያ ጀማል። ደንበኛ «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲል የማፍረው እኔ ነኝ።

የጻፍኩትን ከሰዓት ከሰዓት ለእማ አነብላታለሁ። መርሳት ከጀመረች ወዲህ የሰው ስም ይጠፋባታል፤ የመጽሐፉ ስሞች ግን አይጠፉባትም። ዛሬ ወንድማማቾቹ ዳግም ላይገናኙ ምለው ከቤት የሚወጡበትን ምዕራፍ አነበብኩላት። አለቀሰች።

«ማን ይፈልጋቸዋል?» አለችኝ።

«ታሪክ እኮ ነው፣ እማ።»

«እሺ። ግን ማን ይፈልጋቸዋል?»

ሐሙስ

እማ የለችም።

ፖሊስ ደጋግሞ ስለጠየቀኝ እንዳይምታታብኝ ልጻፈው። ከምሳ በኋላ እኔ ሱቅ ነበርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አብረዋት ተቀምጠው ነበር፤ የታጠበ ልብስ ሊያወርዱ ወጣ ብለው ሲመለሱ ክፍሉ ባዶ። የግቢው በር ክፍት። አረንጓዴ ሻርፕ፣ ቡኒ ቀሚስ፣ የቤት ነጠላ ጫማ። ስልክ የላትም። እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ተቀምጠው «እኔን ይድፋኝ» ይላሉ።

ሙኒር በጎጃም በረንዳ በኩል ሄደ። ጀማልም በጎጃም በረንዳ በኩል ሄደ። ማን የት እንደሄደ ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሌላው መርካቶ ሁሉ ሳይፈተሽ መሸ። እኔ መሀል ላይ ስልክ ይዤ እቀባበላለሁ። «ለሱ ንገሪው፣ አውቶቡስ ተራን እኔ አይቼዋለሁ» ይለኛል አንዱ። «ለሱ ንገሪው፣ እኔ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ይለኛል ሌላው።

ሰማዩ ጠቁሯል። ያ ረቢ፣ ዛሬን ብቻ አይዝነብ።

ዓርብ

ዘነበ። ሌሊቱን ሙሉ።

ሁለቱም የእማን ፎቶ አሳትመው ለጥፈዋል። ሙኒር የራሱን ስልክ ቁጥር፣ ጀማል የራሱን። አንድ የመብራት እንጨት ላይ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አየኋቸው፤ ሁለት እናት የጠፉ ነው የሚመስለው። አንድ ጫማ ጠራጊ «መንታ ናቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልስቅ ነበር፤ የወጣኝ ግን ለቅሶ ነው።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተነገረላት፤ ስሟ፣ የልጆቿ ስም፣ የለበሰችው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ አላያትም? አረንጓዴ ሻርፕ ባየሁ ቁጥር እየሮጥኩ ፊት አያለሁ። አረንጓዴ ሻርፕ የሚያደርግ ሰው እንዲህ ብዙ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሬሳ ክፍልም ጠየቅኩ። የለችም ሲሉኝ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ከዚያ የት ናት ታዲያ ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ እማ ልጆቹን ልትፈልግ ነው የወጣችው። እርግጠኛ ነኝ። እኔ የፈጠርኳቸውን ልጆች። ለወንድሞቼ አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? አንዳቸውም አላነበቡትም። ሙኒር «ያ ተረትሽ» ይለዋል፤ ጀማል እንደምጽፍም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ያንን ምዕራፍ አጠፋሁት። ምንም አልቀለለኝም።

ቅዳሜ

ተገኘች። ተገኘች። ተገኘች።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት ሙኒር ደጃፍ ላይ ቆሞ የት የት እንደፈለገ ይነግረኛል። ዓይኑ ደም መስሏል። «እህል በረንዳም ትናንት ጠይቄ ነበር» አለ። «አንድ ተሸካሚ፣ ጤፍ የሚነፉ ሴቶች ጋ አንዲት የጠፉ እናት አሉ አለኝ። የኛ አይደሉም ግን። የልጆቻቸው ስም ሌላ ነው።»

«ማንና ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ናዲርና... ዛኪር መሰለኝ።»

ግድግዳውን ያዝኩ። «ሙኒር፣ እማ ናት!»

«አበድሽ?»

«የመጽሐፌ ልጆች ናቸው! እማ ናት!»

እየሮጥኩ ለጀማል ደወልኩለት። ስሞቹን ነገርኩት። «እኔም ሰምቼ ነበር» አለ፣ ድምፁ ሞቶ። «የሰው እናት ናቸው ብዬ ተውኩት።»

ሁለቱም ሰምተዋል። ሁለቱም አልፈዋታል። ቢነጋገሩ ኖሮ ምን ይለወጥ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት አንዳቸው አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ቢሉት ጆሮዬ ይገባ ነበር።

እህል በረንዳ አንድ መጋዘን በር ላይ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሻርፗ በጤፍ ብናኝ ነጥቷል። ሴቶቹ ወንፊታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧታል፤ የኔን ታሪክ ነው የምትነግራቸው። አለሚቱ የምትባል ሴት ናት ሁለቱንም ሌሊት ቤቷ ያሳደረቻት። «ስምዎት ማን ነው ስላቸው የናዲርና የዛኪር እናት ነኝ ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም» አለችኝ። «ፖሊስ ጋ ልውሰድዎት ብላቸው እጄን ይዘው አለቀሱ።» ከዚያ ወንድሞቼን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «እናንተ ናችሁ የተጣላችሁት? ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ? በዚያ ዝናብ እኮ እናንተን እየጠሩ ነው ያገኘኋቸው!»



እማ እኔን አወቀችኝ። እነሱን ግን አላወቀቻቸውም። «ልጆቼን ሳላገኝ አልሄድም» አለች፣ ጆንያውን በሁለት እጇ ጨብጣ። ለመንናት። አልሆነም። በመጨረሻ ሙኒር፣ ያ «ተረትሽ» የሚለኝ ሙኒር፣ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«እማ፣ ናዲር እኔ ነኝ።»

ትክ ብላ አየችው። «ሌላውስ?»

ጀማል ጠጋ አለ። «እኔ ነኝ። ዛኪር።»

«ታርቃችኋል?»

ወንፊቶቹ ቆሙ። ሁለቱ ተያዩ። አባባ ከሞተ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ አላየሁም ነበር። «ታርቀናል» አለ ሙኒር። ጀማል ራሱን ነቀነቀ። እማ ተነሳች።



እሑድ

እማ ታማለች። ብርዱ ሳንባዋ ገብቷል ይላል ሐኪሙ። መርፌ ጀምራለች። ስትተነፍስ ያፏጫል። «በሳቸው ዕድሜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል» አለኝና ፈገግ አለ። ፈገግታው ምንም አልጠቀመኝም።

ጀማል የክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ፈነዳ። «ዋሽተን ነው ያመጣናት!»

«ታዲያ ትተናት እንምጣ?» አለ ሙኒር።

ከስንት ጊዜ በኋላ የተነጋገሩት ይሄ ነው፤ ጠብ። ጀማል የታመቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ መቃብር መሄዱን፣ አፈሩ ገና እርጥብ እንደነበር። ሙኒር ሲመልስ ድምፁ ተሰበረ። «ደወልኩልህ፤ ስልክህ ዝግ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ወርጄ አባቴን ሳስገባ፣ በዚያኛው በኩል የሚይዝልኝ ወንድም የማልፈልግ ይመስልሃል? የማላውቀው ሰውዬ ነው የያዘልኝ።»

ጀማል ወጥቶ ሄደ። ይሄን እኔም አልሰማሁም ነበር፤ ሴቶች መቃብር አልወረድንም።

አርታኢዋ መልእክት ልካለች። የሉባባን ደወል ሰርዤዋለሁ። በምትኩ የጻፍኩት ነገር የለም። አሁን ስለሱ ማሰብ አልችልም፤ ጆሮዬ ያለው እማ ትንፋሽ ላይ ነው።

ሰኞ

እማን ቤት መልሰናታል፤ ትኩሳቱ ትንሽ ወረደ። አጥሚት ቀመሰች። ለኔ ይሄ ድል ነው። ማታ ቢመለስስ? አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም።

ሙኒር ከጠዋት ጀምሮ አልጋዋ አጠገብ ነው። ጀማል መጣ፤ የሙኒርን ጫማ በሩ ላይ ሲያይ እንደወትሮው አልገባም፣ ደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሱቁን ሁለቱም አልከፈቱም።

ቅድም ሙኒር ማድ ቤት መጣ። «በልቷል?» አለኝ።

«ማን?» አልኩት፣ እያወቅኩ።

«ውጭ ያለው።»

«እንጃ።»

«ጠይቂዋ።»

«አልጠይቅም፣ ሙኒር። ደክሞኛል። አንተ ጠይቀው።»

ቆመ። ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። የተረፈውን ፍርፍር ሰሃን ላይ ገልብጦ፣ ሹካ ፈልጎ አጥቶ፣ እንዲሁ ይዞት ወጣ።

እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እየጻፍኩ ነው። የማድ ቤቱ መስኮት በጓሮ በኩል ስለሆነ ደጁ አይታየኝም። ሲነጋገሩም አይሰማኝም። ግን የተሰበረ ሰሃን የለም፣ የሚጮህም የለም፣ ሙኒርም አልተመለሰም።