ሱሩቺ «አላውቅም» ያለች ዕለት

ልጄ ዲንባንዱ፣ ይህ ወረቀት ሙስካት እጅህ ሲገባ ሰውነትህ የበረታ፣ ልብህም የረጋ ይሁን። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? የሥራ መሣሪያ ተሸክመህ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ አሁንም ይይዝሃል? ሙቀቱ ቀለል ብሏል ወይ? የላክሁልህን የሰናፍጭ ዘይት ማታ ማታ ትታሽበታለህ ወይስ ጠርሙሱ መስኮት ላይ ቆሞ አቧራ ይጠጣል? እውነቱን ጻፍልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ በመነጽር ያነባል፣ ጥርሴ ግን ከጠንካራ ነገር ጋር ተኳርፏል። ሚስትህ ማልቲም ልጅህ ሱሩቺም ደህና ናቸው። የጓዳው ግድግዳ እንኳ ዝናቡ ካለፈ ወዲህ ማላቡን ትቷል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። እሑድ ማታ ስትደውል አንተ ጮህክ፣ ሚስትህ አለቀሰች፣ መስመሩም ተቋረጠ። የተጻፈ ነገር አይቋረጥም፤ ሰው ቁጣው ሲበርድለትም ተመልሶ ሊያነበው ይችላል። ልብስ ሰፊው ኢምቲያዝ ሐሙስ ወደ ሙስካት ስለሚመለስ፣ ለፀሐይዋ በዓል ለቻት ከጠበስነው ጣፋጭ ብስኩት፣ ከቴኩዋው ጋር ይህን እሰጠዋለሁ። ቴኩዋውን ለብቻህ እንዳትበላ። ደብዳቤውን ግን ለብቻህ አንብበው።

ሱሩቺን ለጋብቻ ሊያዩ የመጡት ብሪጅኪሾር ባቡ ደውለው የነገሩህን ሰምቻለሁ። ልጅህ በሽማግሌ ላይ አፏን ከፈተች፣ አያቷም አብራ ሳቀች ብለውሃል። እኔ አልሳቅሁም። የሳቀው ሌላ ሰው ነው፤ እደርስበታለሁ። አንተም ይህን ሰምተህ ሱሩቺ ይቅርታ ትጠይቅ፣ በጥር ወር የምትፈተነውን ፈተና ትተው፣ በየካቲት ትዳር ብለሃል። ቃልህን ከማጽናትህ በፊት ግን ቁጭ ብዬ ያየሁትን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ባለፈው ዓመት ሱሩቺ የክልሉን የመንግሥት ሥራ ፈተና ስትወድቅ ዕውቀት አንሷት አልነበረም። በመልስ ወረቀቱ ላይ አንድም ክብ ባዶ ሳትተው ያወቀችውንም ያላወቀችውንም አጥቁራ ስለ ወጣች ነው። በዚያ ፈተና ደግሞ የተሳሳተ መልስ ዝም ብሎ አይታለፍም፤ ትክክለኛው ካመጣው ነጥብ ላይ ይቆርጣል። ካለፉት ሰዎች ያነሰችው በጥቂት ነጥብ ነው፤ በመገመት ያጣችው ከዚያ ይበልጣል። ይህን ሳውቅ ወቅታዊ ጉዳዮችን የማስጠናቱን ሥራ እኔ ተረከብሁ።

ማለዳ ጋዜጣውን ከራስጌ እስከ ግርጌ አነባለሁ። ሹመቱን፣ ሽልማቱን፣ የመሪዎች ስብሰባውን፣ የተመረቀውን ድልድይ፣ የወጣውን ሕግ እያነሣሁ ከአራት ምርጫ ጋር ጥያቄ አወጣለሁ። ተዘጋጅታ ተቀምጣ ሳለች ግን አልጠይቃትም። ምስር ስትለቅም፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ፀጉሯን ስትጎነጉን ነው የምጠይቃት። ስትመልስ «ከየት አመጣሽው?» እላታለሁ። የት እንዳነበበችው ካልነገረችኝ መልሷ ልክ ቢሆንም አልቀበላትም። አንድ ቀን «አያቴ፣ ፈታኙ እንኳ እንዳንቺ አይጨክንም» ብትለኝ «አንቺ የፈታኙ የልጅ ልጅ አይደለሽም» አልኳት። ማልቲ በበኩሏ «እማማ፣ በዚህ ቤት ጨው አቀብዪኝ የሚል ሰው ጠፋ እኮ! ትናንት ወተት ሻጩ ሲያንኳኳ ማን ነው ብል ልጅቷ የሚኒስትር ስም ጠራችልኝ» ብላ ታማርራለች። እያማረረችም ቢሆን ጋዜጣው ሲዘገይ ጋዜጣ አዳዩን በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው እርሷ ናት።

ከሁሉ የከበደን «አላውቅም» ማለትን ማስተማሩ ነው። እንደምታውቀው እኛ ዘንድ አላውቅም ያለ ተማሪ ከግድግዳ ጋር ይፋጠጣል፤ እኔንም መምህርቴ አፋጥጠውኛል። ስለዚህ ልጅ ሁሉ የመጣለትን መወርወር ይለምዳል። ሱሩቺም ያላወቀችው ሲያጋጥማት ፊቷ ይቀላ፣ በመጨረሻም አንዱን ትወረውር ነበር። ወራት ፈጀብን። ከዲዋሊ ወዲህ ግን «አላውቅም» ስትል ድምፅዋ አይሰበርም፤ ብላው ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

እሑድ የመጡት ሦስት ነበሩ፤ ለሱሩቺ የታሰበው ልጅ አጎት ብሪጅኪሾር ባቡ፣ የልጁ እናትና ልጁ ራሱ። ማልቲ ሳሞሳ ጠብሳለች፣ ሱሩቺ ቢጫውን ሳሪ ለብሳ ሻይ አቀረበች። እናቷ እንደ መከረቻት አንገቷን ደፍታ ነበር። አጎትየው ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «እንዴ፣ ባለሥልጣን ልትሆኚ ነው አሉ! እስቲ እኛም እንፈትንሽ፤ የጨረቃዋ መንኮራኩራችን የት አረፈች?» አሉ። አፏን ሳትከፍት ራሳቸው «ደቡብ ዋልታ!» ብለው መለሱ። ሱሩቺም ቀስ ብላ «ደቡብ ዋልታው አቅራቢያ ነው፣ አጎቴ፤ ዋልታው ላይ አይደለም» አለቻቸው። ጎበዝ ልል ሲዳዳኝ በሳሞሳ አፌን ያዝሁ። ቀጠሉና በመስከረም ዴልሂ ላይ የተሰበሰቡት የቡድን ሃያ አገሮች ማንን አዲስ አባል አድርገው እንደ ተቀበሉ ጠየቋት። «የአፍሪካ ኅብረትን» አለች።

ይኼኔ ሰውየው ጥያቄውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ሠሩበት ወደ ባቡር ጣቢያው ወሰዱት። «የምሥራቁ ባቡር መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ ማን ይባላሉ?»

«አላውቅም፣ አጎቴ።»

«አላውቅም ብሎ ነገር አለ? ይኸው አራት ስም፤ አንዱን ምረጪ!» ብለው አራት ስም ደረደሩ።

«አሁንም አላውቅም።»

«ገምቺ ልጄ፣ ገምቺ! መገመት ቀረጥ አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ፣ አጎቴ። ያልሆነውን ብመልስ ያገኘሁትን ያስቆርጥብኛል።»

የዚያን ጊዜ ነው እስካሁን ሻዩ ውስጥ አቀርቅሮ የቆየው ልጅ የሳቀው። «አጎቴ፣ ሁለተኛው ስም እኮ የአማችዎ ነው!» አለ። አጎቱ አንድ ጊዜ ገላመጡት፤ ልጁም ወደ ሻዩ ተመለሰ። ሳቁ ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሁሉ ሰዓት ደስ ያለኝም እርሱ ነው።

ብሪጅኪሾር ባቡ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። «እንግዲያው የማያስቸግርሽን ልጠይቅሽ» አሉ፤ «ከሠርጉ በኋላ ጥናቱን ትተያለሽ፣ አይደለም?» ማልቲ ከመጋረጃው ጀርባ እሺ በይ እያለች በዓይኗ ትለምናለች። ሱሩቺ የሻዩን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ቀና አለች፣ «ይህን አውቀዋለሁ፤ አልተውም» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከየት አመጣሽው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ተነሥተው ሄዱ። አጎትየው ተቆጥተው ነው የሄዱት፤ ሳሞሳቸውን ግን ጨርሰዋል። የልጁ እናት ደጃፉ ላይ ወደ ኋላ ቀርተው «ፈተናው መቼ ነው?» ብለው በቀስታ ጠየቁኝ። ጥር መጀመሪያ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም ወሬ አልመጣም። ከፈተናው በኋላ ከተመለሱ በሩ ክፍት ነው። ካልተመለሱም የጠጡትን ሻይ ምርቃት አድርጌላቸዋለሁ።

እንግዲህ ይቅርታ ብለሃል። ለምኑ? አንድም ጊዜ አጎቴ ሳትል አልመለሰችም። ትፈተን አትፈተን ብዬ ደግሞ አልጠይቅህም፤ ትፈተናለች። የመፈተኛ ቦታዋ ፑርኒያ ነው፤ በባቡር ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ። ማልቲ ለመንገድ የሽምብራ በሶአችንን ሳቱን በቆርቆሮ አዘጋጅታልናለች። እኔ አሥረኛ ክፍልን ከክፍሌ ሁሉ በልጬ የጨረስሁ ጊዜ አባቴ ለአባትህ ዳሩኝ። አባትህ ደግ ሰው ነበር፣ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ትማሪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ልጅህ ተጠየቀች፣ መለሰችም። ይህ አንተን የሚያኮራ እንጂ የሚያስቆጣ አልነበረም።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። አንተ በስልክ ከጮህክባት ወዲህ ልጅቷ ሌላ ሆናለች። ትናንት ልብስ ስታሰጣ ሦስት ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ለሦስቱም አላውቅም አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ከነገጹ የነገረችኝን ነው። ዛሬ ማለዳም እንደዚያው። ይህ እኔ ያስተማርኳት አላውቅም አይደለም። ያኛው ቀና ብሎ የሚነገር ነው፤ ይኼኛው አንገት ተደፍቶ ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ፈተናው ክፍል ብትገባ የምታውቀውንም ባዶ ትታ ትወጣለች። እኔ ጋዜጣ አነብላታለሁ፣ እጠይቃታለሁ፣ ፑርኒያ አደርሳታለሁ። የአባቷን ድምፅ ግን ላመጣላት አልችልም።

ስለዚህ ደውልላት። ይቅርታ የሚባለውን አታንሣ፣ ሠርግም አታንሣ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃት፤ ስለ ሙስካት ይሁን ስለ ከተማችን ስለ ሙንገር፣ የፈለግኸውን። ካወቀችው ትመልስልሃለች። ካላወቀችው አላውቅም፣ አባዬ ትልሃለች፤ ያን ጊዜ ሳትጮህ መልሱን ንገራት።

ሩዝ የሚያበስልልህን የኬረላውን ኩንጁሞንን ሰላም በልልኝ፤ ዓሣው ውስጥ ቅመም ይቀንስ፣ ሆድህ አይችልም። ኔፓላዊው ቴክ ባሃዱር ሳሉ ተሻለው ወይ? ዝንጅብል ከማር ጋር ይጠጣበት። ማልቲን እጅግ ናፍቀሃታል፤ የጀመረችልህ ሹራብ እስከ ክንዱ ደርሷል ብላለች። ጎረቤታችን የኢምቲያዝ እናትም በሰላም ያገናኘን ብለውሃል። የሱሩቺን ሰላምታ አልጽፍልህም፤ ይህን መጻፌን አልነገርኳትም። ስትደውል ከራሷ አፍ ተቀበለው።

እናትህ ኢንዱማቲ

ሙንገር፣ ኖቬምበር 28 ቀን 2023