ሽቦው ረጅም የሆነ ቻርጀር

እናትዬ፣ ሁለት ነፍስ ሆነሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? አምላክ ጤናሽን ያብዛልኝ።

አባትሽ ደህና ነው። ቪዛውን ዳግመኛ ስለከለከሉኝ «ሻንጣሽን አራግፊው» እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ እኔ ግን አልነካውም። ሃያ ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሳጸዳ የስንቷን የሰው ልጅ እጅ ይዤ አብሬ አምጫለሁ፤ የራሴዋ ብቻዋን ልትወልድ ነው። አንጀቴ እርር ድብን ይላል።

አንድ ወር ነው የቀረሽ፤ ቦርሳሽን ዛሬውኑ አዘጋጂ። ሰፊ ነጠላ ጫማ ያዢ፣ እግር ያብጣል። አንዱን ቁልፍ ለጎረቤትሽ ስጪ፤ ሰው አላስቸግርም የምትይውን ነገር ተይው። ደግሞ ሽቦው ረጅም የሆነ ቻርጀር ግዢ፤ ሶኬቱ ሁሌም ከአልጋው ይርቃል። ምጥ ሲጀምርሽ ደውዪልኝና ስልኩን ትራስሽ አጠገብ አድርጊው። ማውራት የለብሽም፤ ብትጮኺም እዚህ ሆኜ ልስማሽ።

አምላክ በሰላም ይገላግልሽ። ብቻ ስልኩን እንዳትዘጊብኝ።