በአዳራሽዎ ስለተናዘዝኩት ወረቀት

ለክቡር አቶ ልደቱ፣ የማሚቶ አዳራሽ ኃላፊ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ሕልምዎም የማያስደነግጥ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ካለፈው እሑድ ወዲህ በእንቅልፉ በኩል ትንሽ ጎደል ብሎብኛል። ቢሆንም የከተማውን ሕዝብ ለማዝናናት የደከሙትን ድካም በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛልና ይህን ጽፌ ለሁሉም እንዲነበብ አድርጌያለሁ።

ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ከእሑድ ወዲህ የማያውቀኝ የለም። ለእንግዳ አንባቢ ያህል ግን፣ ያርጋል እባላለሁ፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። መንፈስ ክብደት ስለሌለው በር ሊከፍት፣ ሰውም ሊነካ እንደማይችል የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼን ለአሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር ኖሬያለሁ። ስለዚህ ከጎንደር የመጣው የቲያትር ቡድን «አርባኛው ቀን» የሚል አስፈሪ ትርኢት እንደሚያሳይ ስሰማ፣ ባለቤቴን አምሳልን ይዤያት የሄድኩት እርሷን ላበረታታ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ሸጊቱም አብረውን መጡ። እማማ ከደረስጌ መጥተው ከእኛ ጎን የሰፈሩ፣ ቲያትር በዕድሜያቸው አይተው የማያውቁ ሴት ናቸው። እንዳይደነግጡ ብዬ በመሐላችን አስቀመጥኳቸው።

ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «ልበ ደካሞች አይግቡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የተለጠፈው ከበሩ በስተ ውስጥ በመሆኑ፣ የሚያነበው የሚወጣ ሰው ብቻ ነው። እኔም ስወጣ አንብቤዋለሁ። እጅግ ጠቃሚ ምክር ነው።

ሁለተኛ፣ ጄኔሬተሩን ይመለከታል። ይህን ለማስረዳት ግን ትርኢቱን ባጭሩ መንገር አለብኝ። አንዲት ሚስት ትሞታለች፤ ባሏ ኑዛዜዋን ደብቆ ተዝካሯን ሲያወጣ፣ በአርባኛው ቀን ራሷ ከእንግዶቹ ጋር ገብታ ትቀመጣለች። ፊቷ ነጭ ነው፤ አትበላም፣ አትጠጣም። ከዚያ ብድግ ትልና «ወረቀቴን የደበቀ ማነው?» ብላ ትጠይቃለች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አምሳል በጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ጎንደር ሄዳ አዋላጅነት ለመማር አመልክታ መልሱን ስትጠብቅ ከረመች። መልሱ መጥቷል። ከጎንደር የተመለሰ የሥራ ባልደረባዬ «ለባለቤትህ ስጥልኝ» ብሎ ፖስታውን ካስረከበኝ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖት ነበር፤ እኔም ከፍቼ መቀበሏን ካነበብኩ በኋላ በቤታችን ማንም በማይከፍተው መጽሐፍ፣ በፊዚክስ የመምህሩ መምሪያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መጀመሪያ ነገ እሰጣታለሁ አልኩ። ቀጥሎ ወጥ መሥራት ስለማልችል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ሄዳ ተምራ ስትመለስ፣ እኔን ስታየኝ ታንስብኛለህ ትለኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ሟቿ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቅ ከመድረኩ ወርዳ በሕዝቡ መሐል መራመድ ጀመረች። ላቤ መጣ። ይህን ጊዜ መብራት ጠፋ። ቀኑ ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ነገር ግን መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ አሳምረው ስላስጋረዱልን ዓይን ቢወጉ አይታይም። ጄኔሬተሩ አንዴ አጓራና ዝም አለ። ተዋናይቷ ጨዋታዋን የማታቋርጥ፣ ለሙያዋ የታመነች ልጅ ናት። ከጨለማው ውስጥ፣ ከአጠገቤ፣ በቀስታ «ወረቀቴን የደበቀ ማነው?» አለች። ወዲያውም እንደ በረዶ የቀዘቀዘ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

እኔ፣ ያርጋል፣ የሳይንስ ሰው፣ አግዳሚው ላይ ወጥቼ «እኔ ነኝ! መምሪያው ውስጥ ነው! አምሳል ይቅር በይኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ቀጥሎ የእመቤታችንን ስም እየጠራሁ ስለ ወጡም፣ ስለ ፍርሃቴም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ዘርዝሬ ተናገርኩ።

መብራቱ የመጣው ልክ ስጨርስ ነው። ስለ ጊዜ አጠባበቃችሁ አመሰግናለሁ። ሦስት መቶ ያህል ሰው፣ ግማሹ ተማሪዬ የሆነ፣ አግዳሚ ላይ ቆሜ አየኝ። ትከሻዬን የያዘው እጅ የእማማ ሸጊቱ ነበር፤ ስንቀጠቀጥ ተሰምቷቸው ሊያረጋጉኝ ኖሯል፤ እጃቸውም የቀዘቀዘው በደባርቅ ብርድ ነው። ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ምን አስደነገጠህ? የተቀባችው እኮ የስንዴ ዱቄት ነው» አሉኝ። ከገባች ጀምሮ አውቀዋት ኖሯል።

አምሳል አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ተዋናዮቹ ሳይቀሩ ሲያዩን «ቀኑ አልፏል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ምዝገባው እስከ ረቡዕ እንደሆነ ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀጥ ብላ ወጣች።

በማግስቱ በጠዋት ሻንጣዋን ተሸክሜ ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። እስከ ዳባት ስለ እህሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ብቻዬን አወራሁ። ዳባት ላይ መኪናው ሰው ሊያወርድ ሲቆም ወደ እኔ ዞረች። «አንተ እዚህ ውረድ» አለችኝ። «ከእንግዲህ በስሜ ደብዳቤ ከመጣ ለእማማ ሸጊቱ ይሰጥ።»

እማማ ሸጊቱ ማንበብ አይችሉም። አምሳል ይህን ታውቃለች። ወርጄ ሚኒባሱ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆምኩ።

ማክሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ፣ ክብደት የሌለው መንፈስ የመምህሩን አፍ እንዴት ሊከፍት እንደቻለ በትሕትና ጠየቀችኝ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ለቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ እስካሁን የመለሰ የለም፣ እኔንም ጨምሮ። አምሳል በሰዓቱ ተመዝግባለች። ይህን ያወቅሁት ረቡዕ ማታ ደውላ ነው። የደወለችው ለእማማ ቢሆንም፣ እማማ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ። «በላህ?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኳት። እውነት አልነበረም፤ ወዲያው ግን ደንግጬ «አልበላሁም» ብዬ አስተካከልኩ። ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሦስተኛና አራተኛ ቅሬታዬን ትቼዋለሁ። ጄኔሬተርዎ በወጉ ቢሠራ ኖሮ ረቡዕ አልፎ፣ ፖስታው ከመምሪያው ጋር አርጅቶ፣ እኔም የተከበርኩ ውሸታም ሆኜ እኖር ነበር። እባክዎ አያስጠግኑት።

በታላቅ አክብሮት፣ በጥቂት እፍረትና በራሴ በሠራሁት የማይበላ ሽሮ አጠገብ ሆኜ፣

ያርጋል
የፊዚክስ መምህር፣ የነርስ አምሳል ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያ ጨለማ ሟቿ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቅ፣ ከእኔ ጩኸት ቀደም ብሎ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ሲወድቅና ጫማ ወደ ጓሮ በር ሲሮጥ ሰምቻለሁ። መብራት ሲመጣ ባዶ ሆኖ የተገኘው ወንበር የክቡርነትዎ ነበር። የእርስዎ ወረቀት ምን እንደሆነ አልጠይቅም። ቡድኑ ለጥምቀት ሰሞን ተመልሶ እንደሚመጣ ስለሰማሁ ግን፣ አስቀድሞ መናገር እንደሚያቀል ከልምዴ ላካፍልዎ ብዬ ነው።