ያለህበትን ከተማ ያወጣው ኮምፒውተር

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ጋሼ ወንድምአገኝ፣

እንዴት ነህ፣ ጤናህስ፣ ያ ብርድ ሲነካህ የሚነሳብህ ጎንህስ ተሻለህ ወይ፣ ባለቤትህ ጌታነሽስ፣ ልጁስ በእግሩ ቆመ ወይ። እኛ በሕይወት አለን፣ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ከሁሉ በፊት ይቺን ወረቀት አንብበህ ሳትጨርስ ልጁን አሳዝለህ ከዚያ ከተማ ውጣ፣ አስፋው ያለህበትን አውቋል።

ጥፋቱ የኔ ነው። በእርሻው ድንበር ጠብ ወንድሙን ገድለህ፣ እስርህን ጨርሰህ ከወጣህ ወዲህ አስፋው ደሜን እመልሳለሁ ሲል፣ አባባ የከተማህን ስም ማናችንም በአፋችን እንዳንጠራ ወንጌል አስመትተው አስምለውን የለም ወይ። እኔም በአፌ አልጠራሁትም፣ በሥላሴ። ግን ማመልከቻ እየጻፍኩ በምሠራበት ጽሕፈት ቤት ባለው ኮምፒውተር፣ ስትናፍቀኝ ስሙን እየጻፍኩ መንገዱን፣ ፎቶውን አይ ነበር፣ መጻፍ መሐላ ያፈርሳል አላልኩማ። ስዘጋው ደግሞ የሚጠፋ መስሎኝ።

ቅዳሜ አስፋው ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጣ፣ ቀጥሎ ከኢንተርኔት ፎርም አውጪልኝ አለኝ። አንድ ፊደል ብመታ ያንተ ከተማ ስም ከነአውቶቡሱ መንገድ ተደርድሮ ወረደ። ከኋላዬ ቆሞ አነበበው። «ኧረ ወሰንዬ፣ እዚያ ደግሞ ማን ባል አለሽ?» ብሎ ሳቀ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ገባው። ፀጉሬን ይዞ ከጠረጴዛው አላተመኝ፣ ሁለት ጥርሴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ፣ ስልኬንም በድንጋይ ፈጨው፣ ቁጥርህ አብሮ ሄደ። በዚያው በጠራራ ፀሐይ ከአጎቱ ጋር ቤታችን ወጥተው የገብሱን ክምር አነደዱት፣ አባባ «እኔን ግደሉኝ!» ብለው ቢወጡ ክንዳቸውን በሽመል ሁለት ቦታ ሰበሩት፣ በጎቹን እበረቱ ውስጥ እንደ ጎመን ቀረደዷቸው። ከእሁድ ጀምሮ አስፋውን ያየው የለም።

የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ማርያም «ወይ የዚህን ማሽን አፍ ዝጊ ወይ ውጪልኝ» አሉኝ። ፊቴ እንዳበጠ ዛሬ ኮምፒውተር ከምታስተምረው ከመምህርት ትሕትና ጋር ሌላ ብሮውዘር፣ ያው ኢንተርኔቱን የሚከፍተውን ማለቴ ነው፣ ስንመርጥ ዋልን። ቶር የሚባለው ሲዘጋ ምንም አያስቀርም፣ የት እንዳለሽም ይደብቃል አለችኝ፣ ግን በኛ ኔትወርክ አንድ ገጽ እስኪከፍት ከኋላ የቆመ ሰው አንብቦ ይጨርሳል። ብሬቭ የሚባለው ደግሞ በኢንተርኔት ዱካሽን የሚከታተሉትን ያባርራል፣ ካላዘዙት ግን የገባሽበትን ይይዛል አለች። ፋየርፎክስን መረጥኩ፣ በተዘጋ ቁጥር ሁሉን እንዲያጠፋ፣ ፊደል ሲመታም አሮጌ ነገር እንዳያወርድ አድርጋ አስተካከለችው። ሃያ ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ምንም የለም። በአስፋው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግን ማን ያጠፋልኛል።

እና ወንድም ጋሼ፣ ወዴት እንደምትሄድ ለኔ አትንገረኝ። አልጽፍም ብዬ እምላለሁ፣ ሲመቱኝ ግን አልናገርም ብዬ መማል ፈራሁ። ትናንት የአስፋው አጎት በራችን ላይ ቆሞ «ገና ሌላ ጥርስ አለሽ» ብሎኛል። ይህን ይዘውልህ ለሚመጡት ለነፍስ አባታችን ለአባ ኃይለ ኢየሱስም ምንም አትንገራቸው፣ «ወጥቷል» ብቻ ይበሉኝ።

አባባ ክንዳቸው ታስሮ እንደተኙ ይመርቁሃል። እማዬ እያለቀሰች ትስምሃለች። ጌታነሽን ሰላም በልልኝ፣ ይቅር ትበለኝ። ልጁን ዓይኑን ሳምልኝ፤ አክስት አለችኝ ብሎ ሰው ፊት እንዳያወራ ግን ስሜን አታስለምዱት።

እህትህ ወሰንየለሽ
ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.