የአባባ ድልድይ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ተሻለው? ባለቤትሽስ ከዚያች አሮጌ የስፌት መኪናው ጋር ታረቁ ወይስ እንደተኳረፉ ናቸው? የአባባ ሳል እንዴት ሆነ? ሚጢጢስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? በተራ በተራ ጠይቄሻለሁና በተራ በተራ መልሺልኝ፤ እንዳለፈው ጊዜ "ሁላችንም ደህና ነን" ብለሽ በአንዲት አጭር መስመር እንዳትገላገዪኝ። ስለ እኔ ከጠየቅሽ ጤነኛ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ስለ ራሴ ከዚህ የበለጠ የምጽፍልሽ የለኝም።

የላክሽው ጥቅል ደርሶኛል። ያመጣችልኝ ነርስ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ መጥታ ሰጠችኝ፤ ሻይ እንኳ ልጋብዝሽ ብላት አሻፈረኝ ብላ ሄደች። ሁለቱንም የጌም መጫወቻዎች፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ በእማማ ሻርፕ ጠቅልለሽ ነው የላክሻቸው። ሻርፑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው። አጥበሽዋል ማለት ነው። ደግ አደረግሽ። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩትና እራቴን በላሁ።

እማማ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ነኝ እትዬ። መርዶውን የነገርሽኝ ቀን ጥገና ቤት ውስጥ የአንድ ደንበኛ መጫወቻ ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ነበር። ስልኩን ዘጋሁ፤ ስክሪኑን ገጠምኩ፣ ትንንሾቹን የቪቴ ብሎኖች አጠበቅኩ፣ ለባለቤቱ አስረከብኩ። ሰውዬው እንዲያውም "እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ ሄደ። ጥርስ ሐኪም አደንዝዞሽ ከንፈርሽን ስትነኪው የሌላ ሰው ከንፈር የነካሽ ይመስልሽ የለ? እንደዚያ ነው የሆንኩት። አያመኝም። ሰው ሲጠይቀኝ "ደህና ነኝ" እላለሁ፤ ደግሞ ውሸት አይደለም።

ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አባባ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ እንደሚውል፣ ምግቡን ነካ ነካ አድርጎ እንደሚተው፣ "እጄም ጆሮዬም ከዱኝ" እያለ እንደሚያጉረመርም ጽፈሽልኛል። አሮጌውን መጫወቻዬን መልሱልኝ እያለ ሲያስቸግራችሁ ባለቤትሽ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ መተረቱንም ነግረሽኛል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን አባባ "እናትሽ ድልድዩን ይዛው ሄደች" ሲልሽ ደነገጥሽ። ከዚያ በታች፣ አእምሮው እየሄደ ነው፣ ሐኪም ጋ ልወስደው ነው፣ መጫወቻውንም ከፊቱ አንስቼ ሌላ ሰው ልስጠው ብለሻል።

ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ለሳሉ። ለአእምሮው ግን አትቸኩዪ። ሁለቱንም ላኪልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር፤ ነገሩን አግኝቼዋለሁ፤ ከሥር ከመሠረቱ ላስረዳሽ።

ለአባባና ለእማማ አሮጌውን መጫወቻ የላክሁላቸው እዚህ ጥገና ቤት የተቀጠርኩ ሰሞን ነበር። አባባ "ለልጅ የሚሰጥ ዕቃ ለሽማግሌ ትልካለች" ብሎ እንዴት እንዳኮረፈ ታስታውሻለሽ። እማማ ናት እያበራች እያጠፋች ስትነካካው ጨዋታው ውስጥ ያለውን ባለከረጢት ሰውዬ ያገኘችው። ያ ሰውዬ ከረጢቱን ተሸክሞ ከጣራ ጣራ፣ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ ዕድሜ ልኩን ይሄዳል። አባባ መጀመሪያ "ይኼ ሰውዬ ቤት የለውም እንዴ?" እያለ ከጎኗ ሆኖ ያይ ነበር፤ ቀጥሎ "አምጪው እስቲ፣ ገደል ልትከቺው ነው" ብሎ ነጠቃት፤ ነጥቆ ቀረ።

ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ አንድ ቦታ አስቸገረው። ዝናብ የሚዘንብበት፣ ጣውላው የረገፈ ድልድይ አለ፤ ሰውዬው በሰዓቱ ካልዘለለ ውኃው ይበላዋል። ያኔ እማማ ልብስ እያጣጠፈችም ቢሆን አጠገቡ ቁጭ ትልና "ቆይ... ቆይ... በል!" ትለዋለች። እሱ ይጫናል፤ ሰውዬው ይሻገራል። አንድ ሰውዬ ለሁለት ያሻግሩ ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ አባባ ብቻውን ሲሻገር አንቺም እኔም እንዴት ብለን አልጠየቅንም። ዓይኑ ትንሽ ያይለታል፣ ይዝናና ብለን ተውነው።

አዲሱ ደግሞ እንዲህ ነው። ፋብሪካዎቹ ጭራሽ ሌላ ዓይነት መጫወቻ እስኪያወጡ ድረስ መሀል ላይ ያንኑ የነበረውን አሻሽለው ይሸጡታል። ስሙ ያው ነው፣ ጨዋታውም ያው ነው፤ ስክሪኑ ይደምቃል፣ ባትሪው ይበረክታል፣ ውስጡ ይፈጥናል። እኛ ጥገና ቤት "እንጀራ ልጅ" ነው የምንለው፤ የአሮጌውም አይደለ፣ ገና የሚመጣውም አይደለ። አለቃችን እያንዳንዱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ "ከእጅ አይሻል ዶማ" ይላል፤ ይህን የሚለው ግን ደንበኛው በሩን ዘግቶ ከወጣ በኋላ ነው።

የአሮጌው ባትሪ አብጦ ጀርባውን ሲከፍተው መፍራትሽ ልክ ነበር። ያበጠ ባትሪ ቀልድ አያውቅም፤ ሬዲዮ ሠሪው ጎረቤታችሁ ፈጥኖ ስላወጣው እግዜር ይስጠው። እኔም ለደከመ ዓይን ደማቅ ስክሪን ነው የሚሻለው ብዬ እንጀራ ልጁን ላክሁለት። የጨዋታውን ሚሞሪ ካርድ ከአሮጌው አውጥተሽ አዲሱ ውስጥ ስትከቺው ካቆመበት ይቀጥላል አልኩሽ፤ ቀጠለም። ባለቤትሽ ተረት ከወደደ ለእኔም የሚሆን አለ፤ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። አዋቂዋ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኋቸው። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው፤ ግራጫ ላስቲክ የተነጠፈበት፣ ቪቴ እንዳይጠፋ ማግኔት የተቀመጠበት፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት ያለበት። ለአሮጌው ከመደርደሪያ ባትሪ ተዋስኩለትና ሚሞሪውን መጀመሪያ አዲሱ ውስጥ፣ ቀጥሎ አሮጌው ውስጥ እየከተትኩ የዝናቡን ድልድይ ተጫወትኩ። አዲሱ ላይ ዝናቡ ያምራል፣ ውኃው ያበራል፣ ሰውዬው ሳይደናቀፍ እልም ብሎ ይሮጣል። አሮጌው ላይ ግን ዝናቡና ውኃው፣ የሚረግፈውም ጣውላ አንድ ላይ ሲመጡ ይከብደዋል። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ምስሉ ይቆማል፤ ዘፈኑም ጉሮሮው ላይ ነገር እንደተቀረቀረበት ሰው እንቅ ይላል፤ ከዚያ ይለቀዋል። እኛ "አነቀው" እንላለን። ሰው ሁሉ ይኼን በሽታ ሸሽቶ ነው መጫወቻ የሚቀይረው፤ እኔም ደመወዝ የሚከፈለኝ ይኼንኑ እንዳጠፋ ነው።

ልክ ሲያንቀው ነው መዝለያው እትዬ። ልክ እማማ "በል!" የምትልበት ቦታ ነው።

አባባ ለካ መዝለያውን አያይም ነበር። እሷ ዝም ስትል ያቺ መታነቅ ቀረችለት፤ በጆሮው ይጠብቃታል፣ ስትመጣ ይጫናል። እኛ ደግሞ አሻሽለን እሷንም አነሳንበት። ለማረጋገጥ ዓይኔን ጨፍኜ አዲሱ ላይ ሞከርኩ፤ ሰውዬውን ደጋግሜ ውኃ ውስጥ ከተትኩት፤ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ "ዛሬ ዋና ነው እንዴ የምታስተምሪው?" ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ሽማግሌ ያንኑ ጨዋታ፣ በዚያው ጣቱ፣ እንደለመደው ሲጫወት በየቀኑ ይሰምጣል። ሁላችንም "የተሻለ ነው" ብለን የሰጠነው ስለሆነ ማሽኑን ሊጠረጥር አልቻለም፤ ራሱን ጠረጠረ። ድልድዩን ይዛው ሄደች ያለሽም የጤና ነው። ከጆሮው የጠፋው ድልድዩ ነው፤ ከእሷ ጋር ነው ያወቀው፤ ሌላ ምን ብሎ ይናገረው?

ይህን ሳውቅ እንኳ ማዘኔን አላውቅም። ምሳዬን በላሁና አሮጌውን ፈታሁት።

አለቃዬ ደግ ሰው ነው። ለአባቴ መሆኑን ሲሰማ ከተከፈተ አይቀር ከተሰበሩት እንጀራ ልጆች የአንዱን ፈጣን ቦርድ ውሰጂ፣ ደማቁንም ስክሪን ጨምሪበት፣ ይገጥማል አለኝ። አይ አልኩት። ታዲያ እያነቀው ልትልኪለት ነው ወይ ብሎ መነጽሩን ከአፍንጫው ዝቅ አድርጎ አየኝ። አዎ፣ እንዲያንቀው ነው የምፈልገው አልኩትና ነገሩን ነገርኩት። ከዚያ የእኔን የተውሶ ባትሪ አስመለሰኝና ከራሱ መሳቢያ ያልተከፈተ አዲስ አውጥቶ ሰጠኝ። ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ አሁን መለዋወጫ የሚሠራ የለም፤ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። እኔም ሰው የሚጥላቸውን አሮጌዎች ለመለዋወጫ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ፤ ባልደረባዬ "የቀርፋፋዎች እናት" ብላኛለች። ከባትሪው በቀር የነካሁበት ነገር የለም። በስተቀኝ ያለችውን ቁልፍ የአባባ አውራ ጣት በልቷት መሀሏ ጎድጉዷል፤ እሷንም አልቀየርኳትም።

እኛ ጋ አንድ ልማድ አለ። የታደሰ መጫወቻ ከመመለሱ በፊት ባለቤቱ በሚይዘው አያያዝ ይዘሽ ትሞክሪዋለሽ። ግራኝ ከሆነ በግራሽ፣ ተጋድሞ የሚጫወት ከሆነ ወንበር ላይ ተጋድመሽ። ስለዚህ ዓርብ ዕለት እንደ አባባ ትከሻዬን አጎበጥኩ፣ መጫወቻውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዝናቡ መጣ። ጣውላው መርገፍ ጀመረ። ድምፁን እንቅ ሊያደርገው ሲል አፌ "ቆይ" አለ።

እኔ አላልኩም። እማማ መጨረሻዋን ስባ ትላት የለ፣ እንደዚያ ነው የወጣው፤ ልብስ እያጣጠፉ እንደሚናገሩት። ባልደረባዬ ቀና ብላ "ምን አልሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኩና እንቅ ሲል ተጫንኩ። ሰውዬው ተሻገረ፤ ማዶ ድንጋዩ ላይ እግሩ ሲያርፍ ሰማሁት። አላለቀስኩም እትዬ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ግን ለዚያች ቅጽበት ከንፈሬ የራሴ ከንፈር ነበር። ከዚያ መልሶ ደነዘዘ፤ እኔም መጫወቻውን ዘግቼ ቪቴዎቹን አጠበቅኩ።

ነርሷ በመጪው ሳምንት ስትመለስ ሁለቱንም ይዛልሽ ትመጣለች። አሮጌውን ለአባባ ስጪው፤ ሚሞሪው ውስጡ ነው። እንጀራ ልጁን ለሚጢጢ አድርጊላት፤ ለእሷ ይፍጠንላት፣ ዕድሜዋ ነው። ለአባባ ስትሰጪው ቸኩለሽ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ ንገሪው፤ እጅህም ጆሮህም አልከዱህም፣ እኛ ነን ዕቃህን አሻሽለን ያበላሸንብህ በዪው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ አጠገቡ ሁኚ እንጂ አትናገሪ። ሚጢጢም "በል፣ በል" እያለች እንዳትረዳው። ያ ቦታ የተያዘ ነው።

ሻርፑን እዚህ አስቀርቼዋለሁ። የምትፈልጊው ከሆነ ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የያዘውን ያልለቀቀው ሞኝ ልክ ነበር በዪው፣ ይስቃል። ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ሲበቅል የመጀመሪያውን ደብዳቤ ራሷ ትጻፍልኝ። ሬዲዮ ሠሪውን አመስግኚልኝ፤ ያን ባትሪ ሲያወጣ አንዲት ሽቦ እንኳ አላበላሸም፣ የእጁን ሥራ ሥራ የሚያውቅ ሰው አይቶለታል በዪው። አንቺን ጉልበትሽን እግዜር ያበርታልኝ።

አባባን ጉልበቱን ስመሽ፣ ጆሮው ሥር ጠጋ ብለሽ ንገሪልኝ። እማማ ይዛው አልሄደችም። ድልድዩ ቦታው ላይ ነው።

ታናሽሽ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 14 ቀን