ማርሚታው ተቆርጦ «ጉልበት ስላገኘው» የቆንጥር መኪና

ለክቡር አቶ ናሁሰናይ እጅጉ
የ«ዳገት አይፈሬ» የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀ መንበር
ቡሬ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የራስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የጆሮዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ቢደክምም መስማቴ አልደከመም፤ እሱም ደክሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ከመጻፍ በተረፍሁ ነበር።

ማኅበርዎ በክረምቱ መግቢያ ባደረገው ስብሰባ፣ የአባላቱ መኪኖች ሁሉ ማርሚታቸው ተቆርጦ እንዲወጣና በምትኩ ወፍራም ቱቦ እንዲበየድላቸው መወሰኑን ሰምተናል። ለመስማትም ነጋሪ አላስፈለገንም። ማርሚታ ከመኪናው ሆድ ሥር ተቀምጦ የጭሱን ጩኸት የሚያበርድ የብረት ሣጥን መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ ነገር ግን በስብሰባው ላይ ተነሥተው «መኪናው ይተንፍስ! የታፈነ ሞተር ዳገት አይወጣም!» ባሉ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ አሉ። ጭብጨባ ዳገት የሚያስወጣ ቢሆን ኖሮ እኔም አጨበጭብ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለክርክር ብዬ አይደለም። የልጄ የታደለ ባለቤት እሌኒ ወሯ ገብቷል። ሐኪሞቹ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንድትወልድ አጥብቀው ነግረዋታል፤ ከቆንጥር ዳገት በላይ ወዳለው መንደራችን የሚመጣው መኪና ደግሞ የማኅበርዎ አንዱ ሚኒባስ ብቻ ነው። እርስዎም የመንደራችን ልጅ ስለሆኑ መንገዱን አላስረዳዎትም። ቅሬታዬን ግን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የጉልበትን ነገር በሚመለከት፣ እኔ ሞተርን ያወቅሁት በመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና ስነዳ፣ ከተበላሹ ሞተሮች ነው። ስለዚህ የሚያርመኝ ባለሙያ ቢመጣ እታረማለሁ፤ እስካሁን ግን አልመጣም። እውነቱንም አልደብቅም፦ ተለክቶ የተሠራ ሰፊ የጭስ ማውጫ፣ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሽከረከር ጥቂት ጉልበት ሊጨምር ይችላል። የእኛ ሚኒባስ ግን ሰውና በቆሎ ተጭኖበት፣ ፍየልም ታክሎበት፣ ቆንጥርን የሚወጣው በዝግታ እያቃሰተ ነው። በዝግታ ሲሄድ ደግሞ ጭሱ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ፈጥኖ ሲወጣ የሚከተለውን ጭስ ከሲሊንደሩ ስቦ ያወጣዋል። መስኖ ያጠጣ ገበሬ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ቦዩን ያለ ልክ ካሰፉት ውኃው ይተኛል፣ ደለሉም እዚያው ይቀራል። ክቡርነትዎ ቦዩን አሰፉልን፤ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪናም በአንደኛ ማርሽ ቆሞ ማጓራት ጀመረ። እኛ በሬ የምንመርጠው በማረሱ ነበር፤ በማጓራቱ መምረጥን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

2ኛ. በመንደራችን በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪናው መንገድ ማድረስ የየቤቱ ተራ ነው። ተሸካሚዎቹ የሚነሡበትን ሰዓት የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። የመኪናው ድምፅ የሚሰማው ከዳገቱ ሥር ካለው ድልድይ ሲደርስ ስለነበረ፣ ያን ጊዜ ቃሬዛውን ቢያነሡ መኪናውና በሽተኛው እኩል ይደርሱ ነበር። ዛሬ መኪናው ገና ከቡሬ ሳይወጣ ይሰማል። ባለፈው ነሐሴ ጎረቤታችንን ባንቺአየሁን ምጥ ይዟት ሳለ ተሸካሚዎቹ ድምፁን ሰምተው «ደረሰ! ኧረ አንሡ፣ ኧረ ቶሎ በሉ!» ተባብለው በሩጫ አወረዷት። መኪናው ግን ከዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞ ነበር። ዝናቡ መጣ፤ ሴቶች ነጠላቸውን ዘርግተው ከለሏትና በመንገድ ዳር፣ በጭቃ ላይ ወለደች። እናትና ልጅ በፈጣሪ ቸርነት ተርፈዋል። ማኅበርዎም ያን ሁሉ ሰዓት ድምፁን ሳያቋርጥ ስላሰማን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

3ኛ. አዲሱ ቱቦ እስከ መኪናው ጅራት አልደረሰም፤ ከኋላው ወንበር ሥር ተቆርጦ ቀርቷል። በሽተኛ የሚተኛው በዚያው ወንበር ላይ ነው። የሞተር ጭስ ክፉው መርዙ የማይታይና የማይሸት እንደሆነ፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እጥፍ እንደሚከፋ ለረዳቱ ነግሬ መስኮት እንዲከፍት ብጠይቀው «አባባ፣ ይሄ እኮ የጉልበት ሽታ ነው! ይልመዱት እንጂ!» ብሎ መለሰልኝ። ልጁ አይወቀስም፤ የተማረው ከማኅበሩ ነው።

4ኛ. ሾፌሩ ወንዳወቅ፣ በጓሮው የዶሮ መቆሚያ ሆኖ የነበረውን የመኪናውን ማርሚታ ከነሙሉ ቱቦው አንሥቶ፣ በእኔ ልመና ለአንድ የገበያ ቀን መልሶ አሰረው። መኪናው የተለመደውን ጭነት ይዞ ቆንጥርን በሁለተኛ ማርሽ ወጣ። ተሳፋሪው ሁሉ ምስክር ነው፤ ፍየሎቹም ጭምር። ኮሚቴዎ ጉዳዩን በጥሞና መርምሮ ወንዳወቅን «የማኅበሩን ድምፅ አሳንሷል» በማለት ከተራ አግዶታል። ማርሚታውም እንደገና ወልቋል። ዳገት የወጣ ሾፌር የሚቀጣበት፣ መሐል መንገድ የሚቆም የሚጨበጨብለት ማኅበር በመሥራትዎ ታሪክ ያስታውስዎታል።

ስለዚህ ሁሉ ከልብ እያመሰገንሁ፣ በቅርቡ «ሽማግሌው ዝም ይበል እንጂ የፊት ወንበር ዕድሜ ልኩን በነፃ ይሰጠው» ብለው የላኩልኝን መልእክት በአክብሮት መልሻለሁ። የፊት ወንበር የሚጠቅመው መኪናው የሚሄድ ከሆነ ነው። ደግሞም የምጠይቀው ወንበር ለእኔ አይደለም። የማኅበሩ መኪኖች ሁሉ ያጓሩ፤ በቡሬ አደባባይ ያጓሩ፤ እስከ መራዊ ይሰሙ። ለቆንጥር የተመደበው አንዱ መኪና ግን ማርሚታውና ሙሉ ቱቦው ዛሬውኑ ይመለስለት፤ ወንዳወቅም ወደ ተራው ይግባ። ከዚህ በታች የሆነ ነገር አልቀበልም፤ የሚቀጥለውንም ስብሰባ አልጠብቅም፤ ፅንስ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅምና።

የድምፅዎ ከፍታ ከዘመን ዘመን እንዲጨምር እየተመኘሁ፣ በመኪናዎ ቆሞ መቅረት ምክንያት ብዙ ጊዜ በእግሬ ስለሄድሁ ላገኘሁት ጤና ባለ ዕዳዎ መሆኔን የማልክድ፣

አዛናው ዘሩ
ከቆንጥር ዳገት በላይ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ፣ መልስዎን ከመጠበቅ እሌኒን የፍኖተ ሰላም መኪና እስከሚገኝበት እስከ ቡሬ ድረስ በቃሬዛ ተሸክሞ ለማድረስ ቆርጧል። የተሸካሚዎቹ ተራ ሲወጣ የአባትዎ ቤት ስም ከዝርዝሩ አለመሰረዙ ታወቀ፤ ቤቱ ሲጠራ ደግሞ አቤት የሚል ጠፋ። ስለዚህ ከአራቱ የቃሬዛ ጫፎች አንዱ የእርስዎ ነው። ምጡ ሲመጣ ሰው እንልክብዎታለን፤ ትከሻዎን ብቻ ይዘው ይምጡ።